መከዳው እስኪደርቅ

ትናንት ከሰዓት በኋላ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ዝናብ የመታውን ብርድ ልብሷን መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። ሽታው ሲደርሰኝ መጽሐፌን ዘጋሁ። እርጥብ ጥጥ ነው የሸተተኝ። በልጅነቴ መቱ ከተማ የነበረው ቤታችን አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ሸትቶ ነበር።

አባቴ ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ላይ፣ የአንድ ነጋዴ የሞተር ጀልባ ይነዳ ነበር። ቡና ጭኖ ይወርዳል፣ ጨው ጭኖ ይመለሳል። በዚያ ክረምት ጀልባዋ ተገለበጠች። ሌሎቹ ዋኝተው ሲወጡ አባቴ ግን አልተገኘም። ከቀናት በኋላ ረዳቱ በጭነት መኪና መጥቶ በጆንያ የጠቀለለውን ዕቃ ደጃችን አስቀመጠ። አባቴ ጀልባዋ ውስጥ የሚቀመጥበት መከዳ ነበር፤ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዷል።

«እትዬ፣ ያገኘነው ይኼን ብቻ ነው» አለ፣ የእናቴን ዓይን ሳያይ።

በእኛ ዘንድ አስከሬን ከጠፋ የሟቹ ዕቃ መሐል ተቀምጦ ይለቀሳል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ለቅሶው ቶሎ እንዲጀመር ፈለገ። እናቴ እምቢ አለች።

«ጋሼ፣ ውሃው የሚንጠባጠብ ዕቃ ይዤ አላለቅስም። መጀመሪያ ይድረቅ።»

«ክረምት እኮ ነው! እዚህ አገር በክረምት ምን ሲደርቅ አይተሻል?»

«ይደርቃል። እስኪደርቅ ድረስ ማንም ሞተ እንዳይለኝ።»

ስለዚህ እንደ ቡና አሰጣነው። ፀሐይ ብልጭ ስትል በቀርከሃው ምንጣፍ ላይ እናወጣዋለን፤ እኔ አገላብጠዋለሁ፤ ሲዳምን ተሯሩጠን እናስገባዋለን። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «የዘንድሮ ቡና እንኳ እንዲህ አላስለመነም!» አለች። ወዲያው በቀልዷ ደነገጠችና በኦሮምኛም በአማርኛም «ኦብሲ፣ እህቴ፣ ቻዪው» አለቻት። አጎቴ የመከዳው ሸራ ተቀዶ ጥጡ ለብቻው ይሰጣ ሲል እናቴ እጁን ያዘችው።

ሲመሽ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ፣ ከበቆሎው ዘር አጠገብ እናስቀምጠዋለን። እራት ስንበላ ውሃው ጠብ ይላል። ጠብ ባለ ቁጥር እናቴ ቀና ብላ በሩን ታያለች። እኔም አያለሁ። መከዳው በግራ በኩል ጎድጉዷል፤ አባቴ ወደዚያ ጋደል ብሎ ነበር የሚቀመጠው። ጉድጓዱ ከቀን ወደ ቀን የሚጠልቅ፣ እኛ ሳናይ አንድ ሰው እየመጣ የሚቀመጥበት ይመስለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ በሩን ሁለቴ ዞሬ አይቻለሁ።

አንድ ቀን እራት ላይ ጠብታው ቀረ። እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ጠበቀች። ጠዋት መከዳውን አወረደችው፤ እንደ ላባ ቀሏል። ፊቷን ቀብራ አሸተተችው። የቤንዚኑ ሽታ፣ የአባቴ ላብ፣ ሁሉም ጠፍቶ የምድጃችን ጭስ ብቻ ቀርቶበታል።

«አደረቅነው» አለችኝ በቀስታ። «እኛው አደረቅነው።»

ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

በለቅሶው ቀን መከዳውን ግቢው መሐል አልጋ ላይ አድርገው የአባቴን ኮት ደረቡበት። ሰዉ ደረቱን እየመታ ሲያለቅስ ዝናቡ ወረደ። ሁሉም ወደ ቤት ሮጠ። እናቴ ብቻ ቆመች። ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ መከዳውን አለበሰችው፤ ጠርዝ ጠርዙንም፣ እኔን ስታስተኛኝ እንደምታደርገው፣ ከስሩ አስገባችለት።

«ግቢ እንጂ፣ ትታመሚያለሽ!» ብሎ አጎቴ ከበር ላይ ተጣራ።

ዝናቡ በፀጉሯ ላይ እየወረደ ነበር።

«እርስዎ ይግቡ ጋሼ» አለች። «እኛ እንመጣለን።»