ደጃችን ያደረው ቤት

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ እንዳለሁ ዝናቡ መጣ። የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ይሉኝታ የለው። ረዳቱ በሩን ጎትቶ ዘጋ፣ መስኮቱ በትንፋሻችን ደበዘዘ፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ ያ ድምፅ ጀመረ። የቤት ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብና የመኪና ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ አንድ አይደሉም። የቤቱ ከላይ፣ ራቅ ብሎ ነው የሚሰማው፤ የመኪናው ግን አናት ላይ ነው የሚያንኳኳው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የነጠላዋን ጫፍ ስትጨምቅ እኔ እዚያ አልነበርኩም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ በገዛ ግቢያችን በቆመ የሰው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሾርባ እየጠጣሁ ነበር።

እኔ እንግዲህ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። የዚያን ክረምት ነገር ግን ሳይገባኝ ስንት ዓመት ተኛሁበት።

ቤታችን ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ያን ሰሞን ቤቱ ውስጥ ከአንድ ነገር በስተቀር ሌላ ወሬ አልነበረም። ታላቅ እህቴን አንድ የዳባት ልጅ ፈልጓታል። ልጁ ወፍጮ ጠጋኝ ነው፤ የሰፈራችን ወፍጮ በተበላሸ ቁጥር እየመጣ ሲጠግን፣ እሷም እህል ይዛ በሄደች ቁጥር ስታየው፣ መጨረሻ ላይ ወፍጮው ባይበላሽም መምጣት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ አንዴ መጥተው ጠይቀዋል። አባቴም እንደ ወጉ «እስቲ እንምከርበት፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኑና መልሱን ስሙ» ብሎ ሸኝቷቸዋል። መልሱ ምን እንደሆነ ለማንም አልነገረም። አባቴ ለከብቶቹ ከሚናገረው የበለጠ ለእኛ የሚናገር ሰው አልነበረም። እህቴ ግን ፊቱን እያየች ተስፋ ስታደርግና ተስፋ ስትቆርጥ ሳምንቱ አለቀ። ከዚያ ልጅ ሌላ እንደማታገባ ለእኔ ነግራኛለች፤ ነገረችኝ ብቻ ሳይሆን አስምላኛለች።

ቅዳሜ ማታ፣ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሳለ፣ አንዲት ነጭ መኪና አጥራችን ዳር መጥታ ቆመች። መኪና ልበላት እንጂ ቤት ነበረች። መስኮቶቿ መጋረጃ አላቸው፤ ከኋላዋ መሰላል ተለጥፎባታል። ሁለት ሽበታም ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ወረዱ። ተራራውን ለማየት ወደ ደባርቅ እየሄዱ ነው፤ ጉሙ አላስኬድ ብሏቸዋል። እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ነኝ ተብሎ ተገፍቼ ወጣሁ።

«ምን ይላሉ?» አለኝ አባቴ።

«እዚህ ማደር ይፈልጋሉ።»

«ታዲያ ይግቡ እንጂ! ምነው ዝናብ ላይ ታቆሚያቸዋለሽ?»

«ቤት አይደለም። የሚያድሩት መኪናቸው ውስጥ ነው። ለመኪናዋ ቦታ ብቻ ነው የጠየቁት።»

አባቴ እኔን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። «እንግሊዝኛሽ እዚህ ድረስ አልደረሰም መሰለኝ» አለኝ።

ደግሜ ጠየቅኳቸው። ያው ነው። አጥሩ ተከፍቶ መኪናዋ ግቢያችን ገባች፤ እናቴ ግን መኝታ ማንጠፏን አልተወችም። የራሷንና የአባቴን አልጋ ለቃ፣ ንጹሕ አንሶላ አልብሳ፣ «ንገሪያቸው፣ ቁንጫ የለውም» አለችኝ። ነገርኳቸው። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ደጋግማ አመሰገነችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ተጠይፈውን ይሆን?» አለች። ለእሷ፣ እንግዳ ደጅ ላይ አድሮ ቤት ውስጥ አልጋ ባዶውን ከሚያድር፣ ቤቱ ቢቃጠል ይሻላል።

እነሱም የከፋን መሰላቸው መሰለኝ፣ ጥቂት ቆይተው መጥተው እኛን ጋበዙን። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ገዛ ግቢው በእንግድነት ሄደ። ውስጧ የሳሙናና የጋዝ ሽታ ነበራት። ምድጃ አለ፣ ውሃ የሚወርድበት ቧንቧ አለ፣ አልጋ አለ፣ ከመጋረጃ ጀርባ መጸዳጃ ቤት ሳይቀር አለ። ቢጫ መብራቱ ሁላችንንም የታመምን አስመስሎናል። አባቴ ጉልበቱ ከትንሿ ጠረጴዛ ሥር አልገባ ብሎት ጎኑን አዙሮ ተቀምጦ፣ ሾርባውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዝናቡ አናቱ ላይ ሲያንኳኳ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል።

«ጠይቂልኝ እስቲ» አለኝ። «ቤታቸውን ተሸክመው የሚዞሩ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ከቤታቸው ለምን ወጡ?»

ተረጎምኩት። ሰውዬው ሳቀ፤ አባቴ ግን የጠየቀው ከልቡ ነበር። ሲወጣም «አሁን እኔ አስተናጋጅ ነኝ ወይስ እንግዳ?» አለኝ።

እሁድ ሲነጋ እህቴ አልተኛችም ነበር፤ ዓይኗ ይናገራል። ቤቱ ተጠርጓል፣ ለሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ አዲስ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፣ ጠላው ጠልሏል። የፈረንጆቹ ነገር ጠዋት በጊዜ ይሄዳሉ ተብሎ ነበር። ግን የወገራ ዋልካ በክረምት ምን እንደሆነ ማን ነግሯቸው! የኋላ ጎማዎቹ እስከ ወገባቸው ሰምጠዋል። ሰውዬው ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ጭቃው እስከ እናቴ ጎመን ድረስ ይረጫል። አባቴ ትንሽ አይቶ «በቃ፣ አጥፋው በይው» አለኝ፤ ከዚያ ቁርጥ ባለ ድምፅ «እንግዳ ደጄ አድሮ እህሌን ሳይቀምስ አይውልም። ቤት ይግቡ» አለ። በዚህኛው እምቢ ማለት አልቻሉም። ከአግዳሚው በቀር የክብር መቀመጫ ስለሌለን እዚያው አስቀመጣቸው። ሰው ሲመጣ እናስነሳቸዋለን አልን።

ከቅዳሴ መልስ የዳባት አውቶብስ ጥሩምባዋን ነፋች፣ ቆመች፣ ሄደች። እህቴ ጓዳ ውስጥ እጄን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ እስኪሰማኝ ጨበጠችኝ። ጠበቅን። ማንም አልመጣም። ሴትዮዋ የእናቴን ዳቦ እያደነቀች ትበላለች፣ አባቴ ዓይኑን ከበሩ ሳያነሳ ራሱን ይነቀንቅላታል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ማንም አይመጣም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ጭቃውን እያራገፈ ገባ።

«አያ» አለ አባቴን፣ «ሽማግሌዎቹን ምን ብለህ መለስካቸው? አጥሩ ድረስ መጥተው፣ በመኪናዋ ጀርባ ወደ ውስጥ አየት አድርገው፣ ትንሽ ተነጋግረው ሲመለሱ አየኋቸው። ሰላም ብላቸውም በቅጡ አልመለሱልኝ።»

እናቴ «ምን አዩብን?» አለች። ምን አዩብን? እኔ ግቢውን ዞሬ አየሁት። መኪናዋ አለች፣ ከእሷ እስከ ባሕር ዛፋችን በተዘረጋ ገመድ ላይ የሰውዬው ካልሲ ተሰቅሏል፣ ውሻችን ታስሯል። ሽማግሌ የሚመልስ ነገር አላገኘሁም።

እህቴ እንባዋ እየወረደ ከጓዳ ወጣች። እንግዳ ፊት እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም። «አባዬ፣ ሰው ይላክና ይጠየቅ» አለችው።

«የሴት ልጅ አባት ተከትሎ አይጠይቅም» አላት። «ነውር ነው። ልጄን ውሰዱልኝ ማለት ነው።»

እሷም ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አባቴን አታናግረውም። ለሴትዮዋ ነገሩን ላስረዳት ሞክሬ ነበር። «ታዲያ ስልክ አትደውሉላቸውም?» አለችኝ። በእሷ ቤት ይህ ቀላል ነገር ነው።

ሰኞ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ድንጋይና ጭድ ከጎማው ሥር ተደርጎ፣ በሬዎቻችን ተጠምደው መኪናዋ ወጣች። ሁሉም አጨበጨበ። ፈረንጆቹ ሊሰናበቱ ሲሉ አባቴ እሁድ የለበሰውን ልብስ ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ከቤት ወጣ። «እስከ ዳባት ያደርሱኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለኝ። «አንድ የታመመ ዘመድ አለኝ።»

ዳባት ዘመድ የለንም። እናቴን አየኋት፤ እሷም እኔን አየችኝ። አባቴ ከሰውዬው ጎን ፊት ወንበር ላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከአንደበቱ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አይወጣም፤ እኔን ግን አልወሰደኝም። እህቴ ልትሸኘው እንኳ አልወጣችም።

ማክሰኞ ከሰዓት በአውቶብስ ተመለሰ። «በሽተኛው እንዴት ነው?» አለችው እናቴ። «ተሽሎታል» አላትና ከብቶቹን ሊያይ ሄደ። በሳምንቱ እሁድ እነዚያው ሽማግሌዎች ምንም እንዳልተፈጠረ መጡ። አባቴ «ተቀመጡ» አላቸው፤ ይህ ማለት እሺ ማለት ነው። እናቴ ጓዳ ውስጥ እልል አለች። በመጀመሪያው እሁድ ለምን እንደተመለሱ ስጠይቅ አንዱ ዝናብ አለኝ፣ አንዱ አውቶብስ አለኝ፣ አንዱ «ሂጂ፣ ቡና አፍይ» አለኝ።

በጥር ተዳረች። ባሏ ለምኖ ለምኖ ሽማግሌዎቹን መልሶ እንዳስላካቸው ገመተች፤ እኔም እንደዚያው። አባቴን ግን ይቅር አላለችውም። ተጣልተዋል ማለቴ አይደለም። ዓመት በዓል ትመጣለች፣ ጉልበቱን ትስማለች፣ ልጆቿን ታስመርቃለች። ሲመሽ እኔ ጎን ስትተኛ ግን ያችኑ ትናገራለች፦ «ለእኔ አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደም።» እውነቷን ይመስለኝ ነበር።

አሁን በዚያ መንገድ እንዲህ ያለች መኪና ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። መንገዱም ሰላሙም እንደ ዱሮው አይደለም። አባቴም ባለፈው ዓመት ዐረፈ። በቀብሩ ላይ እህቴ እንባ አልወጣትም፤ ዘመድ አዝማድ አንሾካሾከባት። እሷም ራሷ ግራ ገብቷት «ምን ሆኜ ነው?» ትለኝ ነበር።

በአርባው ዕለት፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ ድንኳኑ ውስጥ እኔና ባሏ አግዳሚ ስንደረድር እሷ ሳህን እያጠበች ነበር። ባሏ ድንገት ቆመና «ቃሌ አሁን ያበቃ ይመስለኛል» አለ። ወፍጮ ሲጠግን እንደሚያደርገው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

እንደነገረኝ፣ ያን ሰኞ ነጯ መኪና ዳባት እነሱ ደጅ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ስለ መኪናዋ ለአባቱ ነግረውት ስለነበር ሲያያት ደሙ ፈላ። ለካ የኛ ቤት በእንግዳ መሞላቱ ነው የመለሳቸው። «ቀን ቀጥሮን፣ የኛን አግዳሚ ለሌላ ሰጥቶ አገኘነው፤ ከዚህ የበለጠ እምቢታ የለም፤ ሳንዋረድ ተመለስን» ብለው ነበር። ከመኪናዋ የኛ አባት ወረደ። እስከ በሩ መጥቶ ቆመ።

«ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ» አለው የልጁ አባት። የመጣ ሰው በር ላይ አይቆምምና፣ ቢናደድም።

«አልቀመጥም። የመጣሁት ለሽምግልና ነው» አለ አባቴ። «ልጅዎን ለልጄ ይሰጡኝ እንደሆነ።»

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ፈረንጆቹ ወርደው፣ ምን እየሆነ እንዳለ ሳይገባቸው፣ ከአባቴ ጎንና ጎን ቆሙ፤ እሱ ስላልተቀመጠ እነሱም አልተቀመጡም። የልጁ አባት ያኔ ነው እሁድ አግዳሚውን የያዙት እንግዶች እነዚህ መንገደኞች እንደነበሩ የገባው። ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር ሳይነጋገር መልስ መስጠት አይችልም። «አድረን እንነጋገር፤ እርስዎ እዚህ ይደሩ» አለው። አባቴ አመሰገነ፣ ዞረ፣ መኪናዋ ውስጥ ገባ።

«ደጃችን ላይ አደረ» አለ የእህቴ ባል። «አልጋ ተነጥፎለት እምቢ አለ። የኔ አባት ሌሊቱን ሙሉ ተገላብጦ፣ ሲነጋ በጋቢው ሄዶ የመኪናዋን በር አንኳኳ። 'ይውጡልኝ፣ እሺ ብያለሁ' አለው። ሲሄዱ አባታችሁ እኔን ጠራኝ። 'ለምነው ዳሩኝ እንዳትል፣ እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳትነግራት' አለኝ።»

የሳህኑ ድምፅ መቼ እንደቆመ አላወቅኩም። እህቴ ድንኳኑ መግቢያ ላይ፣ እጇ እስከ ክርኗ ረጥቦ ቆማለች።

«እራቱን በላ?» አለችው።

«አልበላም። መልስ ሳልሰማ የሰው ቤት እህል አልቀምስም አለ።»

«እነሱስ ሾርባቸውን አልሰጡትም?»

«እንጃ» አላት። «መብራቱ ቶሎ ጠፋ።»

እህቴ ከደረደርነው አግዳሚ አንዱ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ፣ «አባዬ፣ አባዬ» እያለች አለቀሰች። ባሏ ሊይዛት ሲል እጁን ያዝኩት። ታልቅስለት አልኩት።