የጭልፊቱ ቀብር

አዳንማን በሰው ፊት "ልብስ ሰፊያችን ናት" ያለው ሰውዬ በመጨረሻ ግቢዬ መጥቶ ምን እንዳደረገ ልነግራችሁ ነው። ግን ቀስ ብዬ። እንዲህ ያለ ወሬ በጥድፊያ ከተወራ ጣዕሙ ይጠፋል።

እኔ ኡርሱላ እባላለሁ። ከትልቁ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማ፣ አሳባ፣ ገበያ ውስጥ በጭስ የደረቀ ዓሣ እሸጣለሁ። ፊልም ላይ ደግሞ የጭልፊቱ እናት ነኝ። ጭልፊቱ ማለት ቀይ ጭምብል አጥልቆ፣ ጥቁር ካባውን ነስንሶ ከሰማይ ዱብ የሚል፣ ሌባውንም ጉቦኛውንም ጠንቋዩንም አንድ ላይ የሚጠርግ ጎረምሳ ነው። ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያለ ሕፃን ሁሉ ለእሱ ሲል የአባቱን ጃንጥላ ቀዶ ካባ ሠርቷል፤ ተገርፎበታልም። የእውነተኛው ካባ ራሱ የጃንጥላ ጨርቅ ነበር። አዳንማ ናት የሰፋችው።

የሰፋችው ብቻ አይደለም። ጭልፊቱን የፈጠረችው እሷ ናት። የስፌት መኪናዋ ከመደብሬ ጀርባ ነበር። መርፌውን በከንፈሯ ይዛ፣ "እማማ ኡርሱላ፣ ሰው መብረር ቢችል መጀመሪያ ማንን ሊጠይቅ ይሄዳል?" አለችኝ አንድ ቀን።

"እናቱን ነዋ! ሌላ ማንን?" አልኳት።

"በቃ፣ እናቱ አንቺ ነሽ" አለች። እኔ ደንቆሮዋ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ታሪኩን ጻፈች፣ ልብሱን ሰፋች፣ የማንጎ ዛፍ ላይ ገመድ አስራ ጭልፊቱን ሆኖ ለሚዘለው ልጅ ራሷ ዘልላ አሳየችው። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። ልጇ ጭልፊቱ ነበር። ይህን ስል ለማሳመር አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ካሜራው የሲልቫነስ ነበር። ሲልቫነስ ከድልድዩ ማዶ፣ ኦኒቻ፣ ፊልም እያባዛ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። ሲጀምሩ የእኔን ዓሣ እየጎረሰ፣ "ሐሳቡ ያንቺ፣ ካሜራው የኔ፣ ጭልፊቱ የሁለታችን" ብሏታል። አጥንቱን ሲተፋ ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ጭልፊቱ ስም አወጣ። ኤኑጉ ላይ ትልቅ ድግስ ተደግሶ የፊልም ሰው ሁሉ ሲሸለም እኛም ተጠራን። አዳንማ ሰማያዊ ልብስ ለራሷ ሰፍታ፣ ሻሿን እንደ አክሊል ቆልላ መጣች። እንዴት አምሮባት ነበር! ሲልቫነስ መድረክ ላይ ወጣና፣ "ጭልፊቱ በሕልሜ ነው የመጣልኝ" አለ። በሕልሙ! ያ ሰውዬ ተኝቶ ከማንኮራፋት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

ከመድረኩ ሲወርድ አንድ ባለሥልጣን ወደ አዳንማ እያየ፣ "ይቺ ወይዘሮ ማን ናት?" አለው።

"እሷ? ልብስ ሰፊያችን ናት" አለ ሲልቫነስ። ይባስ ብሎ ዞረና፣ "አዳንማ፣ እስኪ ለጌቶች ቀዝቃዛ ነገር አምጪ" አላት።

አመጣች! እግዜር ያሳያችሁ፣ ተነሥታ አመጣች። እኔ ጠርሙሱን አናቱ ላይ ልሰብረው ስነሣ ክንዴን ቆንጥጣ አስቀመጠችኝ። ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። ድልድዩን ስንሻገር፣ "እማማ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" አለች። ድምጿ እንዲህ ቀዝቅዞ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ከሲልቫነስ ጋር አልሠራችም። ሳሎኗን ስቱዲዮ አድርጋ፣ ካሜራ ተከራይታ የራሷን ጭልፊት መቅረጽ ጀመረች። እሱም የራሱን ቀጠለ። ታዲያ ጉድ ፈላ። በእሱ ፊልም ጭልፊቱ ሚስት አግብቷል፣ በእሷ ፊልም ገና ሌላ ሴት ይለማመጣል። ገበያ ውስጥ ሴቶቹ፣ "ኡርሱላ፣ ኧረ ልጅሽ ስንት ሚስት ነው ያለው?" እያሉ ዓሣዬን ሳይገዙ ይስቁብኛል። ነገሩ ሲከፋ የፊልም ነጋዴዎች ማኅበር ሽማግሌዎች ሁለቱንም ጠሩና፣ "ጭልፊቱን ተካፈሉ" አሏቸው።

እኛ ዘንድ ነገር ሲከፈል ታናሽ ይቆርጣል፣ ታላቅ ቀድሞ ያነሣል። ፍየልም ይሁን መሬት ሕጉ ይኸው ነው፤ የቆረጠው ሰው የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ እጁ አያዳላም። ታናሿ አዳንማ ናት። ስለዚህ የምትቆርጠው እሷ፣ የሚመርጠው ሲልቫነስ ሆነ። እኔ ተቃጠልኩ። "የወለድሽውን አንቺው አርደሽ እሱ ሥጋውን ሊመርጥ?" አልኳት። እሷ ግን ጨርቅ እንደምትቀድ ሰው ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ታስባለች።

በቀጠሮው ቀን ትልቁ ሽማግሌ ለምርቃት የሚቆረሰውን የኮላ ፍሬ ሰበረና መረቀ፦ "ጭልፊትም ይረፍ፣ ንስርም ይረፍ፤ ሌላውን አትረፍ ያለ ክንፉ ይሰበር!"

"አሜን!" ብለን ተቀበልን። ሲልቫነስም አሜን አለ፤ አፉን ሞልቶ ነው ያለው።

አዳንማ ሁለት ምንጣፍ አነጠፈች። አንደኛው ላይ ጭምብሉን፣ ካባውን፣ የድሮ ፊልሞቹን ሁሉ ደረደረች። "ስሙ፣ መብረሩ፣ ዘፈኑ፣ ድብድቡ፣ ሚስቱም ካለች ሚስቱ እዚህ ናቸው" አለች። ቀጥላ ክንዴን ይዛ ሁለተኛው ምንጣፍ ላይ እኔን አስቀመጠችኝ። "እዚህ ደግሞ እናቱና የእናቱ ግቢ። ሌላ ምንም የለም። ያንዱን ሌላው ፊልሙ ውስጥ አያስገባም።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ፣ "ሴትዮዋ ጨርቋን ጥላለች" ሲል ሰማሁት። ሽማግሌው እንኳ አዝኖላት፣ "ልጄ፣ እንደገና ቁረጪ፤ ይሄ እኩል አይደለም" አላት።

"ለእኔ እኩል ነው፣ አባቴ" አለች።

ሲልቫነስ ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈርቶ ነው መሰለኝ እየተንደረደረ ጭምብሉን አነሣ። ወደ እኔ እያየ፣ "አሮጊቷን በሰላም ውሰጃት" አላት። አሮጊቷን! አያችሁ፣ ያን ጊዜ ነው እኔም የራሴን ቂም የቋጠርኩት።

ቤት ስንገባ ነው ያሰበችውን የነገረችኝ። ሙታችንን የምንቀብረው ግቢያችን ውስጥ ነው። ግቢው የማን ነው? የእናቱ። እናቱ የማን ናት? የአዳንማ።

"እማማ፣ ልጅሽን ልንቀብረው ነው" አለችኝ።

"አንቺ፣ ልጅሽ እኮ ነው! አንጀትሽ ይጨክንልሻል?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "አይጨክንልኝም። ግን ያ ሰውዬ ካባውን ለብሶ ሲጨፍርበት ከማይ ይሙት። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ።"

የእውነት ቀብር ደገስን። ድንኳን ተጣለ፣ የሐዘን ጥይት ተተኮሰ፣ ሴቶቹ አንድ ዓይነት ጨርቅ ለበሱ። ካሜራው አንድ ጥግ ቆሞ ይቀርጻል። ጭምብልም ካባም አልታየም፣ ስሙም አልተጠራም፤ ድርሻችን አይደለማ! የተዘጋ ባዶ ሣጥን፣ አንዲት እናትና "ልጄ" የሚል ቃል ብቻ። ግን የኡርሱላ ልጅ ማን እንደሆነ የማያውቅ አለ? ሰዉ ሳይጠራ ጎረፈ። ሕፃናቱ የጃንጥላ ካባቸውን ለብሰው መጥተው ሲንሰቀሰቁ ሳይ እኔም ማስመሰሉ ጠፋኝ። ማንም ሳያዘኝ ጸጉሬን ተላጨሁ። ሣጥኑ ላይ ተደፍቼ እንዲህ ስል አለቀስኩ፦

"ልጄ፣ ስትበር ገመድህን የያዘው ማን ነበር? ባልንጀራህ አልነበረም? ምነው ለቀቀብህ?"

ይህን ያስጠናችኝ አዳንማ ናት። ፊልሙ በሳምንቱ ድልድዩን ተሻገረ።

ሲልቫነስ መጀመሪያ ሳቀ። ከሌጎስ መልከ መልካም ተዋናይ አስመጥቶ አዲስ ጭልፊት ሠርቶ ነበርና በጭነት መኪና ላይ አቁሞት፣ ድምጽ ማጉያ እያስጮኸ ኦኒቻ ገበያ ገባ። እኔም ሄድኩ። ለምን እዋሻለሁ? ልደሰት ነው የሄድኩት።

ድሮ ቢሆን ሕፃን ሁሉ መኪናው ላይ ይንጠለጠል ነበር። ያን ቀን እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ሱቅ ጎትተው አስገቡ። ቲማቲም ሻጯ አማተበች። አንዲት ባልቴት፣ "ሂድ ልጄ፣ ተመልሰህ እረፍ፤ ሕያዋንን አታስቸግር" ብላ አፈር በተነችበት። ልጁ ካባውን እያራገበ ቢስቅ ባሰባቸው፤ የሚስቅ ሬሳ ማን ይወዳል? ከዚያ እኔን አዩኝ። የተላጨውን ራሴን አዩና መንገድ ለቀቁልኝ። መኪናው ፊት ለፊት ቆምኩ። ልጁ ከላይ ሆኖ እጁን ዘረጋልኝና፣ "እናቴ!" አለ፤ ምስኪን፣ ተውኔት መስሎታል።

ቀና ብዬ አየሁት። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ጀርባዬን ሰጠሁት።

በቃ። የገዛ እናቱ ያላወቀችውን ማን ያውቀዋል? ገበያው ተበተነ። ልጁ ጭምብሉን ከፊቱ ላይ መንጥቆ፣ "ኧረ እኔ ሕያው ነኝ! ከሌጎስ ነው የመጣሁት! እናቴ በሕይወት አለች!" እያለ ሲጮህ ትቼው ዓሣዬን ልሸጥ ተመለስኩ። እንደዚያ ቀን ሆዴ ቅቤ ጠጥቶ አያውቅም። ሱቆቹም የሲልቫነስን ፊልም በየካርቶኑ መለሱለት። የሙት ፊልም ቤቱ የሚያስገባ ጠፋ።

ከዚያ ነው የመጣው። ሽማግሌዎቹን አስከትሎ፣ ኮላ ይዞ፣ ትልቅ ፌስታል አንጠልጥሎ ግቢዬ ገባ። አዳንማና እኔ ከመቃብሩ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። ከስቶ ነበር ሲልቫነስ። አላሳዘነኝም።

"እማማ ኡርሱላ፣ በሞቴ" አለኝ። "አንድ ትርኢት ላይ ብቻ 'ልጄ፣ ተመለስክልኝ' በይ። አንድ ቃል ናት።"

"ምነው፣ አሮጊቷን እንዲህ ትለምናታለህ?" አልኩት። "ጸጉሬንስ በምን ታበቅልልኛለህ?"

ሽማግሌው ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ሲልቫነስ ወደ አዳንማ ዞረና ፌስታሉን እግሯ ሥር አስቀመጠ። "ውሰጂው። ሁሉንም። ጭምብሉን፣ ካባውን፣ ስሙን። ያንቺ ነው። እኔ ጨርሼ ልውጣ፣ አንቺ ብቻ ሕያው አድርጊው። ልጆቹ ይመለሱልሽ።"

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ። ለዓመታት ስትፈልገው የኖረችው ይኸው ነበራ! ልጇ ሙሉውን ተመልሶ እግሯ ሥር ተቀምጧል። "እሺ በይ" ብዬ በዓይኔ ለመንኳት።

አዳንማ ካባውን አወጣች። ጫፉን አገላብጣ አየችው። የሲልቫነስ ሰዎች ተተርትሮ የነበረውን እንደነገሩ ጠምዝዘው ሰፍተውታል። ከደረቷ መርፌ ነቀለች። ያን የተበላሸ ስፌት ፈትታ፣ እዚያው ቁጭ ብላ እንደገና ሰፋችው። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠበቋት። ሲልቫነስም ቆሞ ጠበቀ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ አየሁ።

"ልብስ ሰፊ አይደለሁ?" አለችው። "መግነዙን ሰፋሁለት። ሬሳውን ስላመጣህልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሣጥኑ ባዶውን ነበር።"

"አዳንማ! እብደት ነው! ላንቺም እኮ አይተርፍሽም!"

"አውቃለሁ" አለች። "ለአንተም እንዳይተርፍህ ነው።"

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልከለከላትም፤ እናት ግቢዋ ውስጥ ልጇን ስትቀብር ማን ይከለክላል? መሬቱን አስከፈትን። ካባውን በጥንቃቄ አጣጥፋ፣ ጭምብሉን ከላዩ አድርጋ ሣጥኑ ውስጥ አስተኛችው። አካፋውን አንሥታ ለሲልቫነስ ሰጠችው።

"ባልንጀራው ነበርክ። አፈር አልብሰው።"

ሽማግሌዎቹን አየ። አንዳቸውም አላስጣሉትም። ያን የሚያብረቀርቅ ጫማውን ጭቃ ውስጥ ነክሮ አፈር ያለብስ ጀመር፣ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። አዳንማ ደረቷን ይዛ ትነሣና ትወድቃለች። እኔ ደግፌያት እጮኻለሁ፤ በዚያ ቀን ካሜራ አልነበረም።

ጩኸቱን ሰምቶ አንድ መንገደኛ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገና ቅርብ ያገኘው ሲልቫነስን ስለነበር፣ "ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር፤ ሟቹ የማን ልጅ ነው?" ሲል ጠየቀው።

ሲልቫነስ አካፋውን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

"የእሷ ነው" አለ። "የአዳንማ ልጅ ነው።"