መርዶ ይዘን ባሕር ላይ

ዓርብ ጠዋት፤ ከፌርፋክስ ወደ ሳን ፔድሮ ወደብ

በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ እኔና ባለቤቴ ሰብለ መርከብ እንሳፈራለን። ሰው ሁሉ በሞቃቱ ወራት ሲጋፋ እኛ ብርዱን ጠብቀን መሄዳችን ወዳጆቻችንን ያስቃቸዋል። ይሳቁ። በጥር ዋጋው በጣም ይወርዳል፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ነው፣ ለምግብ የሚያሰልፍ ሰው የለም፣ መዋኛው ዳር ያለው ወንበር ሁሉ የእናንተ ነው። ብቻ ወፍራም ሹራብና የማጥወልወል ማስታገሻ ክኒን አትርሱ። ፓሳዴና ሆስፒታል ውስጥ የሰው ትንፋሽ ስከታተል ለምውል ለእኔ፣ ጸጥ ያለ ባሕር ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጥብኛል።

የዘንድሮው ጉዞ ግን እትዬ ዘነበችን መርከብ ለማሳየት ነበር። እትዬ ዘነበች ዌስትቼስተር ካሉት የኤርፖርት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ትንሽ ወረድ ብሎ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። በሰፈሩ የማያውቃቸው አበሻ የለም፤ የሚታወቁትም በመርዶ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ እዚህ ላለው የሟች ቤተሰብ በቀጥታ አይደውልም፤ ለእሳቸው ይደውላል። እሳቸው ሰው ያሰባስቡና በማለዳ የዚያን ቤት በር ያንኳኳሉ። የአባቴን ሞት ለእኔ ያረዱኝም እሳቸው ናቸው። በር ከፍቼ ገና ሳያቸው ገባኝ።

«እትዬ፣ ዕድሜ ልክዎን በሰው ለቅሶ! አንድ ጊዜ እንኳ ይዝናኑ እንጂ» ብላ የጎተጎተቻቸው ሰብለ ናት። ብዙ ካንገራገሩ በኋላ እሺ አሉ። ጠዋት ልንወስዳቸው ስንደርስ ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዳቦ ቆሎና አንድ ብልቃጥ ሚጥሚጣ ይዘዋል።

«እትዬ፣ እዚያ ምግብ እኮ ሞልቷል» አልኳቸው።

«የፈረንጅ ምግብ ያለ ሚጥሚጣ አይወርድልኝም። ደግሞ ብሰጥም ሬሳዬን ሳትይዙ እንዳትመለሱ፤ አስካለ ትገድላችኋለች።»

አስካለ አዲስ አበባ ያለች ታናሽ እህታቸው ናት፤ ሌላ እህትም ወንድምም የላቸውም። በየቅዳሜው ይደዋወላሉ። ለፋሲካ ሊያዩዋት ትኬት ቆርጠው ነበርና እስከ ወደቡ ድረስ ያወሩን ስለ እሷ ነው።

ዓርብ ከሰዓት፤ መርከቡ ሳይነሳ

ለመኪና ማቆሚያ ከምግባችን የማያንስ ገንዘብ ከፍለን ገባን። መርከቡን ከሥር ቀና ብለው ሲያዩ እትዬ አማተቡ። «ይሄ ሕንፃ ነው እንዴ የሚንሳፈፈው?» አሉ። ውስጡ እንደጠበቅኩት ግማሹ ባዶ ነበር። አብዛኛው ተሳፋሪ ሽማግሌ ነው፤ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጽሐፍ የሚያነብ። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ እትዬ ሩዝ፣ ባቄላና ጎመን አንስተው ሚጥሚጣቸውን ነሰነሱበት። ክፍላቸው ስንገባ መጀመሪያ ያዩት ባሕሩን ሳይሆን የአልጋውን አነጣጠፍ ነው። አንሶላውን በጣታቸው ጫን ብለው «ደህና ነው» አሉ።

ስልኬ የጮኸው ላይኛው ፎቅ ላይ ሆነን የወደቡን ክሬኖች ሳሳያቸው ነው። የአዲስ አበባ ቁጥር ነበር። እዚያ ሌሊት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ምን እንደሚል ከአገሩ የራቀ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ዳዊት ነህ? ብሩክ ነኝ፣ የእትዬ ዘነበች እህት ልጅ። አጠገብህ ናት?» አለኝ። ራቅ አልኩ። እናቱ አስካለ ማታ ልቧ ቆመ፤ ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። ነገ ትቀበራለች። «እባክህ እናንተ አርዱልን» አለና ማልቀስ ጀመረ። ለሌላው ሁሉ የሚደወለው ለእትዬ ነበር፤ ተራው የእሳቸው ሲሆን ግን ለእኔ ተደወለ።

ሰብለን ጎን ጠርቼ ነገርኳት። «አሁኑኑ እንውረድ» አለች። መውረጃው ገና አልተነሳም። እኔ ግን መጀመሪያ ለእድራችን ሰብሳቢ ለጋሼ መኮንን ደወልኩ።

«እንዳታደርገው!» አሉኝ። «አሁን ይዘሃት ብትወርድ መኪና ውስጥ ይገባታል፤ ሰው በሌለበት። ሶ እስክትመለሱ ያዘው። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ቤቷ እንመጣለን። ስልኳን ብቻ ጠብቅ።»

እውነቱን ልናገርና፣ ቀለል አለኝ። ነገሩን የሚወስንልኝ ሰው አገኘሁ። ሰብለ አልተስማማችም፤ ስንከራከር ጥሩምባው ነፋና ወደቡ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። እትዬ ዘነበች የመከለያውን ብረት ይዘው እንደ ልጅ ይስቁ ነበር።

ቅዳሜ፤ ኤንሴናዳ

ጠዋት ሜክሲኮ ደረስን። ሰማዩ ግራጫ ነው፤ ከባሕሩ የሚመጣው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ለጥቂት ዶላር አውቶቡስ ይዘን ከከተማው ወጣ ያለ ገደል ጋ ሄድን። ማዕበሉ ከሥር ዓለቱ ውስጥ ይገባና እየጮኸ ወደ ላይ ይፈናጠራል። መንገዱ ግራና ቀኝ ሱቅ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ የብር አምባር፣ ትኩስ ጣፋጭ ቂጣ። በዚህ ወቅት ገዢ ስለሌለ ሻጮቹ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም ይለምናሉ። እትዬ ለአስካለ የሚሆን ሰማያዊ ፎጣ መረጡ። ዋጋ ሲከራከሩ ሰብለ ፊቷን አዙራ ሄደች። ንፋሱ ዓይኗን እንዳስቸገራት ነገርኳቸው።

ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። «ቅዳሜ እኮ ነው፤ ለአስካለ ልደውልላት። ይህን ውሃ በቪዲዮ ትየው።»

«እትዬ፣ እዚህ ሌላ አገር ስለሆነ ሮሚንጉ ብዙ ይቆርጥብዎታል። ሰኞ ይደውላሉ» አልኳቸው። ስልኩን ተቀብዬ ከመስመር ውጪ ያደረግኩት ትናንት ነው፤ መርከቡ ላይ ኢንተርኔት የለንም ያልኳቸውም ውሸት ነበር።

«ኦኬ፣ እንግዲያው ቅዳልኝ፤ ስንመለስ እልክላታለሁ።»

ቀዳሁላቸው። ነጠላቸውን ንፋሱ እየወሰደባቸው፣ «አስካልዬ፣ ይህን እዪ! ፋሲካ ስመጣ እነግርሻለሁ። ጉንፋንሽን አስታሚ፣ እሺ?» አሉ። በዚያ ሰዓት አስካለ ተቀብራለች። ስልኩን መልሼላቸው ትከሻዬን ሰብስቤ ዞርኩ፤ እሳቸው «በርዶሃል፣ ና ጃኬትህን ዝጋ» አሉኝ።

ምሳ ዓሣ ገበያው አጠገብ የተጠበሰ ዓሣ በቂጣ በላን። እትዬ ከሚጥሚጣቸው ለሻጩ አቀመሱት፤ ሰውየው አስነጠሰና ድገሙኝ አለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ብቻ ሳወራ ዓመት እከርም ነበር።

ቅዳሜ ማታ፤ መርከቡ ላይ

እራት ላይ አስተናጋጆቹ መብራቱን አደብዝዘው ሙዚቃ ከፈቱ፤ ናፕኪን እያውለበለቡ በጠረጴዛዎቹ መሃል ይጨፍራሉ። አዳራሹ ሩብ እንኳ ስላልሞላ ሁሉንም ሰው ያስነሳሉ። አንዷ የእትዬን እጅ ያዘች። እትዬ ትንሽ አፈሩ፤ ቀጥሎ ግን ተነሱ። ትከሻቸውን ሰበቁት። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። በለቅሶ ቤት እንጂ በደስታ ቦታ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ እንዲህ መጫወት እንደሚችሉ ማን ያውቃል? ሰብለ ጠረጴዛውን ትታ ወጣች።

ክፍላችን ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «እህቷ ዛሬ አፈር የገባች ሴት አስጨፈርን፣ ዳዊት። ሰኞ ሲያውቁ ምን ልንላቸው ነው?» አለችኝ። ጠዋት እንድንነግራቸው ተስማማን፤ ሰው ባይኖርም፣ ጋሼ መኮንን ቢቆጡም።

እሑድ፤ ባሕር ላይ

እሑድ ቀኑን ሙሉ ጉዞ ነው። ሌሊቱን ማዕበል ተነስቶ ነበርና መርከቡ ይንገዋለላል፤ ሰዎች ግድግዳ ይዘው ይሄዳሉ። እትዬን ክኒን አስውጬ ቁርስ ቤት ወሰድኳቸው፤ ሳህናቸውን እኔ ሞላሁላቸው። እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሙዝ። ቀመስ ቀመስ አድርገው ሲተዉ «ይብሉ እንጂ እትዬ። ሻይዎን ይጨርሱ። ይቺን ብቻ» እያልኩ ለመንኳቸው። ሻይ ልጨምርላቸው ስል እጃቸውን ኩባያው ላይ ከደኑ።

«ዳዊት፣ ማን ነው የሞተው?»

«ምን አሉ እትዬ?»

«ሰው ሳላበላ አርድቼ አላውቅም። ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስማ። አንተ ደግሞ ትናንት ስልኬን ከለከልከኝ፣ ዛሬ እንደ ሕፃን ታጎርሰኛለህ። ማን ነው?»

ሰብለ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ተራ በተራ አዩን።

«አስካለ ናት?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«መቼ?»

«ዓርብ። መርከቡ ሳይነሳ ነው የሰማነው።»

«ሳይነሳ» አሉ ቀስ ብለው። «ማታ ስጨፍር ታውቁ ነበር ማለት ነው።»

«እናውቅ ነበር፣ እትዬ።»

ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሁበትን ጊዜ እስክሞት አልረሳውም። አልጮኹም፣ አልሰደቡኝም። ተነሱና ጠረጴዛ ጠረጴዛ እየያዙ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ፤ ተከተልናቸው። መዋኛው በመረብ ተሸፍኗል። ወንበሮቹ ታጥፈው ተደርድረዋል። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነጠላቸውን ዘቀዘቁና «እህቴን! እህቴን!» ብለው ጮኹ። ደረታቸውን መቱ። ድምፃቸውን ንፋሱ እየቀማ ወደ ባሕሩ ይወስደዋል። የስንቱን ልቅሶ ያሟሟቁ ሴት የራሳቸውን እህት ሲያለቅሱ ከእኔና ከሰብለ በቀር የሚያጅባቸው አጡ። እኛም ሁለት ብቻ ሆነን እንዴት እንደሚለቀስ አናውቅም ነበር።

አንድ የመርከቡ ሠራተኛ እየሮጠ መጣ። እህታቸው መሞቷን ስነግረው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ብርድ ልብስና ውሃ አምጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ሙቅ ውሃ ገንዳው ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ወጥተው፣ ፎጣ እንዳገለደሙ በዚያ ብርድ ቆመውልን ቆዩ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ጋደም ብለው ሳለ፣ ለጋሼ መኮንን መልእክት ልጽፍ ስልኬን አነሳሁ።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለጋሼ መኮንን። እንደነገርንዎት ይወቁት ብዬ።»

«አትጻፍለት።»

«ለምን እትዬ?»

«ሰዉ ሥራውን ትቶ ሊመጣልኝ ነው። ይምጣልኝ። ካረዳኋቸው ስንቱ ቀድሞ ያውቅ እንደነበር ታውቃለህ? ፌስቡክ ላይ ያየ አለ፣ ልቡ የነገረው አለ። ዓይኑን ሳየው ይገባኛል። ግን ዝም ብሎ ይጠብቀኛል፤ እኔም እንዳልሰማ አድርጌ እነግረዋለሁ። ብቻውን አልቅሶት ሲያበቃ ከሰው ጋር ማልቀስ ይፈልጋላ።» ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ሰው ሳትሰበስቡ መንገራችሁን ትቼላችኋለሁ። ጭፈራውን ግን፣ እሱን እንዴት እንደምተውልህ አላውቅም፣ ዳዊት።»

ሰኞ፤ ወደ ቤት

ማለዳ ሳን ፔድሮ ገባን። ከመውረዳችን በፊት እትዬ አልጋቸውን ራሳቸው አነጠፉ፤ ነጠላቸውንም መልሰው እንደ ደህና ቀን ለበሱ። ሻንጣ ፍለጋው፣ ፓስፖርቱ፣ የመኪናው መንገድ ሁሉ ያለ ንግግር አለቀ። ሰፈራቸው ስንደርስ የማውቃቸው መኪኖች መንገዱን ይዘው ቆመዋል። እትዬ አይተው እንዳላዩ አለፏቸው።

ቤት ገብተን ገና ሳንቀመጥ በሩ ተንኳኳ። ራሳቸው ከፈቱት። ጋሼ መኮንን ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጥቁር የለበሰው ሰው ደረጃውን ሞልቶታል።

«ምነው፣ በደህና ነው?» አሉ እትዬ።

ጋሼ መኮንን አፋቸውን ከፍተው ቃል አጡ። ለካ ሁልጊዜ ከእትዬ ኋላ ይቆሙ ነበር እንጂ መርዶ አርድተው አያውቁም። እትዬ ዘነበች በሩን ይዘው፣ ፊታቸውን ሳይለውጡ ጠበቋቸው።

«ዘነበችዬ… እግዚአብሔር ያጽናሽ። አስካለ አርፋለች።»

እትዬ ያን ጊዜ የጮኹት ባሕር ላይ እንደሰማሁት አልነበረም። ያኛውን ንፋስ ወስዶታል፤ ይህኛውን ሃምሳ ሰው ተቀበለው። ሴቶቹ ደገፏቸው፤ «አስካለ» ሲሉ ቤቱ ሁሉ «አስካለ» አለ።

እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ። በብዙ መርከብ ሄጃለሁ፤ ስለ ዋጋው፣ ስለ ወቅቱ፣ ስለ ምግቡ ብትጠይቁኝ እመክራችኋለሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። እትዬን ከሐዘን የጠበቅኳቸው መስሎኝ ነበር፤ የጠበቅኩት ራሴን ነው፤ ያን ቃል ከመናገር። በዚህም እህታቸውን በቀብሯ ቀን የሚያስቡበትን አንድ ቅዳሜ ሰረቅኳቸው። የሚመለስ አይደለም።

ፍራሽ ተነጥፎ እትዬ ተቀመጡ፤ ሰውም ዙሪያቸውን ያዘ። እያለቀሱ ዓይናቸው ፈለገኝና አገኘኝ። አጠገባቸው ያለችውን ሴት በክንዳቸው ገፋ አደረጉና ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቁ።

«ዳዊት» አሉ፣ «ምን ትቆማለህ? ና፣ አንተም አልቅስላት።»

ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከዓርብ ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ።