ለቅሶ ቤት የመታሁት ሰው

ይህ ነገር የጀመረው ባለፈው ዓመት፣ ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን በሞተ ሰሞን ነው። የገባኝ ግን ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በአንድ የሥልጠና ገንዳ ውስጥ ነው። ጽሑፍ አልችልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው ሥራ የገባሁት። ነገር ግን አንድን ሰው በሰው ፊት መትቻለሁ። ስለዚህ የሆነውንም በሰው ፊት መናገር አለብኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሰለሞን ቴዲ የሚባል ጓደኛ ነበረው። ቴዲ አሮጌ ጀልባ ገዛ። ትንሽ ናት፤ ከፊት ለፊት ጠባብ ክፍል አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ባሕሩ ላይ ወጥተው ዓሣ ያጠምዱ ነበር። እናታችን ውሃ ትፈራለች። ስለዚህ በመጀመሪያ ደመወዜ ለሰለሞን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት ገዛሁለት። ውሃ ሲነካው በራሱ የሚነፋውን ዓይነት ነው። ሻጩ፣ «ራሱን ስቶ ቢወድቅ እንኳ ያነሳዋል» አለኝ። ከሌሎቹ ይወደዳል። ለወንድሜ ነው ብዬ ገዛሁት።

እማዬ በገዛ እጇ አለበሰችው። ቀበቶዎቹን አጠበቀችለት። በእግሮቹ መሐል የሚያልፈውንም ሳይቀር።

«በሞቴ፣ ጀልባው ላይ እስካለህ ድረስ እንዳታወልቀው» አለችው።

«እየበላሁም?» አላት እየሳቀ።

«እየበላህም።»

እሺ አላት። ሰለሞን «በሞቴ» የተባለውን አያፈርስም።

በዚያ ቅዳሜ ንፋስ ተነሣ። ማዕበል ጀልባዋን ገለበጣት። ቴዲ ወጣ። ወንድሜን የፖሊስ ጠላቂዎች በማግስቱ በጀልባዋ ክፍል ውስጥ አገኙት። ጃኬቱን እንደለበሰ ነበር። የነገሩን ይህን ብቻ ነው። ሌላው ምርመራው ሲያልቅ ይነገራችኋል አሉን።

ለቅሶው ውጭ አገር በምንኖርበት ሰፈር፣ ሰንሻይን ዌስት በሚገኘው ቤታችን ነበር። ሰው ስለበዛ ጋራዡ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ደረደርን። እዚያ ተቀምጬ የሰው ወሬ እሰማ ነበር።

«ጃኬት የለበሰ ሰው ይሰምጣል እንዴ?»

«በሩን ማን ዘጋበት በል።»

«ዓሣ ላምጣ ብሎ ሄዶ ጓደኛውን ለዓሣ ሰጥቶ መጣ።»

ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሐዘን ላይ ሰው ያገኘውን ይላል። እኔ ግን አንዷንም ቃል አልጣልኩም። ሁሉንም ያዝኩ።

በሦስተኛው ቀን ቴዲ መጣ። ሁለቱም እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። የጋራዡ በር ላይ ቆመ። ተነሥቼ ሄድኩ።

«ወንድሜን የት ጥለኸው መጣህ?» አልኩት።

መሬት መሬት ያያል።

አፉን መታሁት። ሁለተኛው ቡጢ አፍንጫው ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ወንበሮቹ ላይ ወደቀ። ደረቱ ላይ ተቀምጬ ፊቱን ደበደብኩት። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም። የማስታውሰው እጁን አለማንሣቱን ነው። ፊቱን እንኳ አልሸፈነም። ጥፋቱን ቢያውቅ ነው አልኩ። ይህ የባሰ አናደደኝና ተነሥቼ ጎኑን ረገጥኩት።

ጎረቤታችን ጋሼ በቀለ ከኋላ አንገቴን አንቀው ጎተቱኝ። «ተው አንተ ልጅ። አንድ ሬሳ ይበቃናል» አሉኝ።

እማዬ ከውስጥ ወጥታ አየችን። ቴዲን፣ «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችው። እሱም በእጁ ፋሻ ደሙን ጠርጎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የአበሻ ሱቆች ባሉበት ፉትስክሬይ ውስጥ ቴዲን ሰላም የሚለው ሰው ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ሴቶቹ ፊታቸውን ያዞሩበታል። ብዙም ሳይቆይ ከከተማው ሌላ ዳር ወዳለው ዳንደኖንግ ተዛወረ ሲሉ ሰማሁ። ደስ አለኝ።

እኔ የምሠራው ስካፎልዲንግ ነው፤ ሠራተኛ የሚወጣበትን የብረት መወጣጫ እንተክላለን። ድርጅታችን ባሕር መሐል ነዳጅ በሚወጣበት የብረት ማማ ላይ ሥራ አገኘ። እዚያ የሚኬደው በሄሊኮፕተር ስለሆነ፣ ሄሊኮፕተሩ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንዴት እንደሚወጣ መማር ግዴታ ነው። አለቃዬ ኮርሱን ቡክ አደረገልኝ። እንቢ ማለት እችል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን መሄድ ፈልጌ ነበር። ወንድሜ የነበረበት ቦታ ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈለግሁ።

አሠልጣኛችን ሬይ ይባላል። ሽማግሌ ነው። ወጣትነቱን የጨረሰው ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ ስለ ሰርጓጅ መርከብ ሰዎች ነገረን።

መርከቡ ተበላሽቶ ባሕር ሥር ከቀረ መጀመሪያ ሁሉም ይተኛል አለ። ማውራት የለም፣ መንቀሳቀስ የለም። የሚጮህ ሰው የጓደኛውን አየር ነው የሚጨርሰው። የተበላሸውን አየር የሚያጣራ ዱቄት ይነሰንሳሉ። ከላይ ሰው እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። ካልመጣ ወይም አየሩ ካለቀ ይወጣሉ። መውጣቱ ደግሞ በሩን ገፍቶ አይደለም። የውጪው ውሃ ስለሚከብድ በሩ አይከፈትም። ስለዚህ ራሳቸው ውሃውን ያስገባሉ። ጉልበታቸው፣ ወገባቸው፣ አገጫቸው ድረስ እስኪመጣ ቆመው ይጠብቃሉ። የውስጡና የውጪው ግፊት ሲተካከል ክዳኑ ይከፈታል።

«ውሃ አገጭህ ሲደርስ ቆመህ ዝም ትላለህ?» አለው አጠገቤ የተቀመጠው።

«አንዱ ዝም አላለም። በቦክስ ዝም አሰኘነው» አለ ሬይ። «ልምምድ ላይ ነው። በኋላ ቢራ ጋበዘን።»

ሰው ሳቀ። ከዚያ ሬይ ለሥልጠናው የምንለብሰውን ላይፍ ጃኬት አነሣ። «ይህን የምትነፉት ከወጣችሁ በኋላ ነው። እኛም ልብሳችንን አየር የምንሞላው መውጫው ሥር ስንቆም ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የሞላ ሰው ጣራ ላይ ይለጠፋል። መውጫው ከታች ከሆነ አለቀለት።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን አልገባኝም። አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ከሰዓት በኋላ ገንዳው ውስጥ ገባን። ሄሊኮፕተር የሚመስል የብረት ሳጥን አለ። ወንበር ላይ ያስሩሃል፣ ሳጥኑ ውሃ ውስጥ ይወርዳል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ቀበቶህን ፈትተህ በመስኮት ትወጣለህ። ሦስቴ ወጣሁ። በአራተኛው ጊዜ መብራቱን ቀነሱት።

ሲገለበጥ ውሃ በአፍንጫዬ ገባ። ላይና ታቹ ጠፋኝ። ቀበቶዬን ፈታሁ። መስኮቱን አልፈለግሁም፤ እጄ የጃኬቱን መንፊያ ገመድ ፈለገ። ሳብኩት።

ጃኬቱ ደረቴ ላይ ፈነዳ። ሽቅብ ወረወረኝና ጭንቅላቴ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ተለጠፍኩ። መስኮቱ ይታየኛል፤ ከታቼ፣ አንድ ክንድ ያህል ነው። ወደ ታች ቀዘፍኩ፤ መልሶ ላከኝ። እንደገና ቀዘፍኩ፤ መልሶ ላከኝ። ለደህንነት ውሃው ውስጥ የሚጠብቀን ጠላቂ እግሬን ያዘ። የሚያሰጥመኝ መሰለኝና በተረከዜ ፊቱን ረገጥኩት። መነጽሩ ወለቀ። ሁለተኛው መጣ፤ እጁን ነከስኩት። ሁለቱም እግሬን ይዘው ጎተቱኝ፤ አልወረድኩም። አንዱ ቢላዋ አውጥቶ ጃኬቱን ቀደደው። ያኔ ብቻ ነው የወጣሁት።

ገንዳው ዳር ውሃ እያስታወክሁ ተቀመጥሁ። የጠላቂው ደም ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ማንም አልተቆጣኝም። ሬይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ወንድሜ ነገርኩት። እንግሊዝኛዬ ተያዘብኝ፤ ቢሆንም ገባው።

«ጃኬቱ በራሱ የሚነፋ ነበር?»

«አዎ።»

የተቀደደውን ጃኬቴን በጣቱ ነካው።

«ጓደኛው ጎትቶ ሊያወርደው አይችልም ነበር?» አልኩት።

«አንተን ሁለት ሰዎች ጎተቱህ። ሥራቸው ይኸው ነው፤ አየርም ነበራቸው» አለ። «አላወረዱህም። ያወረደህ ቢላዋ ነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳንደኖንግ ሄድኩ። ቀትር ላይ ነው። ቴዲ በሩን ከፍቶ አየኝ። አፍንጫው ጠሟል።

«ልትጨርሰኝ መጣህ?» አለ።

«ጃኬቱ ነው አይደል?» አልኩት።

በሩን ለቆልኝ ወደ ውስጥ ገባ። ተከተልኩት። ወንበር ገፋልኝና ነገረኝ።

ዝናብ ስለነበር ሁለቱም ክፍሏ ውስጥ ነበሩ። ቴዲ የራሱን ጃኬት አውልቆ ሰቅሎታል። ሰለሞንንም፣ «አውልቀው እንጂ፣ አጣበብከኝ» ብሎታል። «እማዬ በሞቴ ብላኛለች» አለው። ከዚያ ማዕበሉ መጣ። ሲገለበጡ ጃኬቱ ተነፋና ሰለሞንን ሽቅብ ለጠፈው። የቀረች ትንሽ አየር ነበረች። ፊታቸውን እዚያ አድርገው ተነፈሱ። መውጫው ከታች ነው። ቴዲ እግሩን ይዞ ጎተተው። ቀበቶውን ለመፍታት ታገለ፤ ጣቶቹ ደንዝዘዋል፤ ጥፍሮቹ ተነቀሉ። በጥርሱም ሞከረ።

«የዓሣው ቢላዋ ውጪ ነበር» አለኝ ቴዲ። «አምጣው አለኝ ሰለሞን። ሂድ ያለኝ እሱ ነው። ወጣሁ፤ ቢላዋው የለም። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ጠለቅሁ። በሁለተኛው ስገባ እግሩ አይንቀሳቀስም።»

«ለምን አልነገርከንም? እየመታሁህ እንኳ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ልበልህ? ስጦታህ ነው የገደለው ልበልህ? እናትህን፣ እትዬ ዘነበችንስ፣ መሐላዎ ነው ልበላቸው?» ዓይኔን አያየኝም። «ጀልባው የኔ ነው። ቢላዋውን ያላሰርኩት እኔ ነኝ። እኔን ጥሉኝ፤ እኔ ባዕድ ነኝ፣ እችለዋለሁ። እናትና ልጅ አንድ ቤት ውስጥ ይህን ይዛችሁ እንዴት ትኖራላችሁ?»

እግሩ ላይ ወደቅሁ። በክርኑ ገፋኝ። «ተነሥ። ይልቅ ማልልኝ። ለእሳቸው አትነግራቸውም።»

ማልኩለት።

ቤት ተመለስኩ። ከእማዬ ጋር እበላለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን እወስዳታለሁ። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። አንድ ቀን ወጥ እያማሰለች፣ እንደ ልማዷ፣ «ያን ቴዎድሮስን እግዚአብሔር የእጁን ይስጠው» አለች።

«ተይ እማዬ» አልኳት።

«ምን ተይ ትለኛለህ? ልጄን ቆልፎበት የወጣ አይደለም?»

ከአፌ አምልጦኝ ሁሉንም ነገርኳት። ጃኬቱን የገዛሁት እኔ መሆኔን፣ በሞቴ ያለችውን፣ ጥፍሮቹን፣ ሁሉንም። በያዘችው ጭልፋ መታችኝ። ትኩሱ ወጥ አንገቴን አቃጠለኝ። ደግማ መታችኝ። ጭልፋው ሲወድቅ በእጇ መታችኝ። ከዚያ የራሷን ደረት መደቃት ጀመረች። እጇን ለመያዝ ስታገላት ወለሉ ላይ ተያይዘን ወደቅን። እዚያው እንደተኛች፣ «ለምን ነገርከኝ?» አለችኝ።



እሑድ ጋሼ በቀለን አስነሥታ ዳንደኖንግ ሄደች። እኔን አልጠራችኝም። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ጋሼ በቀለ፣ «አታንሣብኝ» አሉኝ። ማታ ቴዲ ደወለልኝ። «ምነው ናሆም» አለ። ስልኩንም ዘጋው።

አሁን ቴዲ እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ይበላል። እናቴ ታጎርሰዋለች። ሰዉም ሰላም ይለዋል፤ ይህን ያነበባችሁና የምታውቁት ሁሉ ደግሞ ይቅርታ በሉት። እኔን ግን እማዬ ስለ ምግብና ስለ ሥራ ካልሆነ አታወራኝም። አልፈርድባትም።

የነገርኳት ለቴዲ ስም ብዬ ነው እል ነበር። ቀስ ብዬ ሳስበው ግን ለዚያ አይደለም። ሲከብደኝ ነው የጣልኩባት። ቴዲ አፍንጫው ተሰብሮ፣ ተሰድቦ፣ ብቻውን ዘጠኝ ወር የያዘውን ነገር፣ እኔ አሥራ አንድ ቀን መያዝ አልቻልኩም።