የአባት ስድስት ተኩል

የፕላስቲክ ፋብሪካው ሰው ሁሉ «ጋሽ እንከን» ነው የሚለው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ደመወዝ ሲፈርም ወረቀቱ ላይ ብቻ ይታያል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የባልዲና የጀሪካን ክዳን ሲመረምር ኖሯል። ክዳኑን ወደ መብራቱ ያነሳል፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ ጆሮው አጠገብ አድርጎ ገጠም ከፈት ያደርገዋል፣ ከዚያ ወይ ቀኝ ሳጥን ወይ ግራ ሳጥን። የቀኙ ይሸጣል፤ የግራው ተፈጭቶ እንደገና ይቀልጣል። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ «ኧረ ጋሼ፣ ባልዲ እኮ ነው፣ ሙሽራ አይደለም!» ቢለው፣ «ሙሽራ ብትሆንማ ትታረማለች ብዬ አሳልፋት ነበር» አለ። ሰዉ በሳቅ ሞተ። እሱ አልሳቀም፤ ከልቡ ነበራ የተናገረው።

እንግዲህ ይኼ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የሚወደው ነገር ቢኖር መኪና ሆኖ ተቀምጦ፣ ሲያጣጥፉትና ሲዘረጉት ሮቦት ሆኖ የሚቆም መጫወቻ ነው። አዎ፣ የልጆች መጫወቻ! ፂሙ የሸበተ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሦስት ረድፍ መደርደሪያ ቸንክሮ መቶ አርባ ሮቦት ደርድሯል። ባለቤቱ «እኔን ያገባኸኝ አቧራቸውን እንዳራግፍልህ ነው» ትለዋለች። ልታራግፍ ስትነሳ ደግሞ «እንዳትነኪያቸው!» ይላታል። ጉድ እኮ ነው።

የጀመረው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ለመፈጨት ከመጣ ጆንያ ሙሉ ስብርባሪ ፕላስቲክ ውስጥ አንድ እጁ የተገነጠለ ሮቦት አገኘ። አገላብጦ አየው። የመኪናው በር ክንፍ ይሆናል፣ ጎማው ትከሻ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፣ የፊት መስታወቱ ደረት ይሆናል። «ይኼን ያሰበ ጭንቅላት ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!» እያለ ምሳውን ሳይቀምስ ዋለ። ያን ቀን ከነስብራቱ በኪሱ ይዞት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የሚተርፈው ሁሉ ወደዚያው ነው የሚሄደው።

መውደዱስ ባልከፋ። የከፋው መፍረዱ ነው። መጫወቻ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ አለ፤ ሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እንደሱ ሮቦት የሚሰበስቡ ሰዎች ይሰበሰባሉ፦ ጥርስ ሐኪም፣ የባንክ ጥበቃ፣ የሒሳብ አስተማሪ። አዲስ ናሙና ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና ጋሽ እንከን ከአስር ይፈርዳል። መገጣጠሚያው ይላላል ወይስ ይጠብቃል? ቀለሙ ከጠርዙ ወጥቷል? ሮቦት ሲሆን የመኪናው ትርፍራፊ ጀርባው ላይ እንደ ስደተኛ ጓዝ ተከምሮ ይቀራል? አስር ሰጥቶ አያውቅም። ዘጠኝ አንድ ጊዜ ሰጥቶ ሳምንቱን ሙሉ ሲጸጸት ከርሟል። አስመጪው ደግሞ ሕግ አለው፤ ከሰባት በታች የሆነውን አያስገባም። የጋሽ እንከንን ክፋት ስለሚያውቅ ግን ስድስት ተኩል ሲለው «የሱ ስድስት ተኩል ሰባት ነው» ብሎ ይስቅና ያስገባዋል። ሁሉም ይኼን ያውቃል። እሱም ያውቃል።

አንድ ልጅ አለችው። ከእሱ ጎን ቁጭ ብላ ካቻቢቴ እያቀበለች ነው ያደገችው፤ በዘጠኝ ዓመቷ ዓይኗን ጨፍና መኪናውን ሮቦት ታደርገው ነበር። ጎበዝ ሠዓሊም ነበረች። አንድ ቀን የአባቷን ፊት ስላ አመጣችለት። ወረቀቱን ወደ መብራት አነሳና «ጆሮው ዝቅ ብሏል» አላት። እናትየው ከወጥ ቤት ሆና «የራስህ ጆሮ ነው ዝቅ ያለው!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፣ ዝቅ ብሏል። ልጅቱ ግን ከዚያ በኋላ ሰው ስላ አታውቅም፤ ዕቃ ብቻ ሆነ የምትስለው።

አድጋ የቤት ዕቃ ንድፍ አውጪ ሆነች፤ አራት ዓመት ስትሠራ ቆይታ ሥራዋን ለቀቀች። ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ክፍል ተከራይታ፣ አሮጌ የፕላስቲክ መቅረጫ ማሽን በኪራይ አስገብታ የራሷን ሮቦት መሥራት ጀመረች። ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ መኪና ነው። አስመጪው ከወሰደው ፕላስቲኩ የሚፈስበት ሞልድ ይወጣለታል፣ ስሟ ካርቶኑ ላይ ይታተማል፣ ክፍሏን ይዛ የምትወደውን እየሠራች ትኖራለች። ካልወሰደው ማሽኑን መልሳ፣ ሩቅ ከተማ ሄዳ ለወንበር ፋብሪካ የወንበር እግር ስትስል ትኖራለች። ሦስተኛ መንገድ የላትም፤ ይኼንንም አባቷ አሳምሮ ያውቃል።

ሐሙስ ዕለት ቤት መጣች። «አባዬ፣ ቅዳሜ የእኔን ነው የምታየው። እንዳታዳላልኝ። ያየኸውን ብቻ ተናገር።»

«እኔ ለማን አዳልቼ አውቃለሁ?»

«እሱንማ ማን ይጠይቅሃል!» ብላ ሳቀች። ሻይዋን ጨርሳ ሄደች።

ቅዳሜ ደረሰ። የሱቁ ጀርባ ክፍል ጢም ብላለች። ልጅቱ በፎጣ የጠቀለለችውን ቦቴ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ያ ጥርስ ሐኪም አፉን የከፈተው። «ዛሬማ ዳኛው የሥጋ ዘመድ ነው! አስር ከአስር በሉና ወደየቤታችን እንሂድ።» ሁሉም አውካካ። አስመጪውም ሳቀ። ጋሽ እንከን ጆሮው ድረስ ቀላ።

ቦቴውን አነሳ። የበርሜሉ ሆድ ለሁለት ተከፈለና ሁለት ክንድ ሆነ። የውሃው ቱቦ ተጠምዝዞ አከርካሪ ሆነ። ጎማዎቹ አንድ በአንድ የት እንደገቡ ሳያይ ጠፉ። መገጣጠሚያው ሁሉ ቦታው ሲደርስ ቀጭ ይላል፤ ጠንክሮ አያስቸግር፣ ላልቶ አያሳፍር። ጀርባውን አዞረው፤ ንጹሕ ነው፣ አንዲት ትርፍ ነገር የለችም። በአንድ እግሩ አቆመው። ቆመ! መቶ አርባውን ሮቦቱን በሐሳቡ ዞረና እንዲህ ያለ አጣ። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀው፤ ደስታ ነው። ቀና ሲል ግን ሁሉም ፊቱን እያዩ ፈገግ ብለዋል። ሊያዳላ ነው እያሉ ነው፣ አለ በልቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ያናድደኛል። አንድ የሠራ ሰው እውነት ሲጠብቅ፣ አንድ ዳኛ ስለራሱ ስም ይጨነቃል! ቦቴውን ወደ መብራት አነሳው። አገላበጠው፣ ፈለገ፣ ፈለገ፤ ፈልጎ ያጣ ሰው ደግሞ የለም።

«ጣሪያው ላይ የመታጠፊያው መስመር ይታያል» አለ። «ግራ ትከሻው ከቀኙ የፀጉር ያህል ይጠብቃል። ቀለሙም ደብዘዝ ብሏል። ስድስት ተኩል።»

 ያ ጥርስ ሐኪም ሳይቀር አፉን ዘጋ። ጋሽ እንከን ወደ አስመጪው አየት አደረገ፤ «የሱ ስድስት ተኩል ሰባት ነው» እስኪል እየጠበቀ። አስመጪው አንገቱን ነቀነቀና ስለሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ነገ ይላል፣ አለ ጋሽ እንከን በልቡ፤ ልጅቱ ፊት ማለት አልፈለገም ይሆናል። ልጅቱ ቦቴዋን በፎጣዋ ጠቅልላ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። ጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ጨብጦት «አንተስ ወንድ ነህ! ለልጁ እንኳ የማያዳላ!» ሲለው፣ ምን ይደረጋል፣ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ቤቱ እስኪደርስ ደረቱን ነፍቶ ነው የሄደው።

ረቡዕ ከሥራ ሲገባ ባለቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማለች። ፊቷን አላዞረችም።

«አልወሰደውም። ሰኞ ደውሎ ነገራት።»

«እንዴት አልወሰደውም? ስድስት ተኩል እኮ ሰባት ነው!»

«ስንት ነበር የሚገባው?»

ቦርሳውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ።

«ስንት ነበር አልኩህ?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

አሁን ዞረች። «ታዲያ ሦስቱን የት አደረስካቸው?» አለችው።

 ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተመልሶ ሲወጣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ስትል ከኋላው ሰማት።

አስመጪው ካርቶን እያስቆጠረ ነበር። ጋሽ እንከንን ሲያይ ወንበር ሳበለት። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ። ለሌላ ሰው ስድስት ተኩል ሲሉ ሰባት ብዬ እይዛለሁ፤ ጥብቅ ሰው ነዎት። ለልጅዎ ሲሉ ግን ምን ብዬ ልያዝ? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። አባት ራርቶ፣ ጨማምሮ ጨማምሮ ከስድስት ተኩል ካላለፈ፣ ዕቃው አምስትም አይሞላም ብዬ ተውኩት።»

«ቀንሼ ነው!»

«ምን አሉ?»

«ቀንሼባት ነው እንጂ አልጨመርኩም! ዘጠኝ ተኩል ነው የሚገባው። አዳላ እንዳልባል ብዬ ነው። በሕይወቴ እንደሱ ያለ አላየሁም፣ እውነቴን ነው!»

 አስመጪው እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ፤ ሐዘንተኛ እንደሚያጽናና። «አሁን ነው እንደ አባት የተናገሩት» አለው። «አልፈርድብዎትም። እኔም ብሆን ልጄ ስታለቅስ እንደዚህ ነበር የምለው።»

«እንደገና እንሰብሰብ። ሌላ ሰው ይይላት።»

«ጋሼ፣ የአባቷን ፍርድ ሰምተው ማን ከዚያ በላይ ይሰጣታል? ደግሞ የፖሊስ መኪናውን አዝዣለሁ፤ ባለፈው ወር ስምንት የሰጡትን። በቃ፣ አለቀ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቃሉ ሺህ ክዳን ሲያስፈጭ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ቃሉን የሚያምንለት አጣ። ሲለምንም ለምኗል፤ ከዚያ በፊት ማንንም ለምኖ አያውቅም።

ልብስ ሰፊው ቤት ደርሶ ደረጃውን ወጣ። የክፍሏ በር ክፍት ነው። ማሽኑ ሄዷል፤ ወለሉ ላይ የአራት እግሩ ምልክት ቀርቷል። ልጁ ተንበርክካ ካርቶን በፕላስተር ትዘጋለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ በተሻለው።

«እሙዬ፣ ቀንሼብሽ ነው» አላት በሩ ላይ እንደቆመ። «ዘጠኝ ተኩል ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ያ ስምንት የሰጠኸው የፖሊስ መኪና ጣሪያው ላይ ሁለት መስመር አለው። የእኔ አንድ ነው። ትከሻውም ከእኔው የባሰ ነው፤ ለክቼዋለሁ።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ልበል? አባቷን ጨምርልኝ አለችው ልባል?» ፕላስተሩን በጥርሷ ቆረጠች። «እንዳታዳላልኝ አልኩህ እንጂ፣ አዳላብኝ አላልኩህም።»

 ዙሪያውን አየ። «ቦቴው የት አለ?»

«ሞልዱን ሊያወጣልኝ የነበረው ሰው ለትንሽ ልጁ ወሰደው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲወረውረው ዋለ አሉ። እስካሁን አልተሰበረም።»

«ሌላ ነጋዴ እንፈልጋለን። እኔ ራሴ ይዤው እዞራለሁ፣ ለሁሉም እነግራለሁ…»

«አባዬ፣ ተወው በቃ። አንተ ያልከው ሁሉም ዘንድ ደርሷል።» ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። «ምነው ባዳ በሆንኩልህ! ለባዳ እኮ እውነቱን ነው የምትናገረው።»

 ሦስቱን ካርቶን አንድ በአንድ ተሸክሞ አወረደላት፤ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ክርኑ ግድግዳው ላይ ተላጠ። የመጨረሻውን ወደ ወንበር ፋብሪካው ከተማ በሚወስዳት መኪና ላይ ሲጭን «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፣ ለተሸካሚ በሚባለው ድምፅ፤ ከሹፌሩ ጎን ገብታም በሩን ዘጋች።