ሞጣ መንገድ ላይ የተባለ «ይበል»

ይህ የደረሰው በደርግ ዘመን መገባደጃ ገደማ ነው። ጦርነቱ ወደ ጎጃም እየተጠጋ፣ ሰው ስለ ዝናብ እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት አንዲት ቃል እስከ ዛሬ ስላልተፈታችልኝ ነው።

ያኔ ከቢቸና ጨውና ሳሙና ወደ ሞጣ እወስዳለሁ፤ ስመለስ ቅቤ እይዛለሁ። ትምህርቴ መንገድ ላይ ነው። ፊደሉን ከየኔታ፣ የቀረውን ከሾፌርና ከደላላ ተምሬያለሁ።

የዚያን ዕለት ጠዋት አውቶቡስ ላይ ከጎኔ የተቀመጠው መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት ነበር። ስሙን ይበልጣል አለኝ። ከሞጣ ወዲያ ገጠር ያሉ እናቱ ታመው መድኃኒት ይዞላቸው ከአዲስ አበባ መምጣቱ ነው። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የኮምፒዩተር ሰው ነበር። እኔ ኮምፒዩተር ሲባል ስሙን እንጂ መልኩን አላውቅም። ቢሆንም የማላውቀው ዕቃ ሲጠራ ዝም ብዬ አላልፍም፤ ነገ ገበያ ይወጣ ይሆናል። ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት።

«ማሽኑ የሚታዘዝበት ቋንቋ አለው፣ ጋሼ» አለኝ። «እኔ የቋንቋውን ሰዋስው ሕግ በሕግ እጽፋለሁ። ከዚያ ማሽኑ ፊት ላይ ባለው ጥቁር መስኮት አንድ መስመር ትእዛዝ እሰጣለሁ። ማሽኑ ሕጎቹን ፈጭቶ፣ ያንን ቋንቋ የሚያነብ አንባቢ ሠርቶ ያስረክበኛል።»

«አንባቢ የሚወልድ ወፍጮ ነዋ!»

ሳቀ። «እንዲያ ነው። ግን ደረቅ ወፍጮ ነው። ሁለት ፍቺ ያለው ነገር ከገጠመው ግጭት አለ ብሎ ይቆማል። አይገምትም።»

«ጎጃም አልተወለደማ» አልኩት።

ከእናቱ ሕመም ቀጥሎ የሚያሳስበው ይኸው ወፍጮ ነበር። ከቢሮ ሲወጣ አንድ ሕግ አልፈጭ ብሎት ነው የመጣው። አቧራ የለበሰው የአውቶቡሱ መስኮት ላይ በጣቱ እየጻፈ አስረዳኝ። «ሰልፍ ማለት ምንድን ነው ቢሉ፣ ሰልፍ ማለት አንድ ሰልፍና ከኋላው አንድ ሰው ነው ብዬ ጻፍኩ። አዩ? ሕጉ ገና ከግራው ሲጀምር ራሱን ይጠራል።»

ሰልፍ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሰልፍን ማወቅ ሊያስፈልግ ነው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ «የይለፍ ወረቀት ለማውጣት መጀመሪያ የይለፍ ወረቀት አምጣ እንደሚሉን ነዋ» አልኩት።

«በትክክል!» አለ። የገባው ሰው በማግኘቱ ደስ አለው።

አውቶቡሱ ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፤ ልጁም ከሞተሩ በላይ ይጮኻል። ደብረ ወርቅ ደርሰን ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋው የይበልጣል ድምፅ ጸጥታው ውስጥ ብቻውን ቀረ።

«ከላይ ወደ ታች የሚሠራ ነገር ግራውን ከያዘ መመለሻ የለውም! የራሱን ስም እየጠራ፣ እየጠራ ይሞታል! ስለዚህ ግራውን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ቀኝ መመለስ አለብኝ!»

ከኋላችን ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ተቀምጠው ነበር።

«ይበል! ይበል!» አሉና ወንበራችንን በመቋሚያቸው መቱት። «አበጀህ ልጄ! ከማን ዘንድ ተማርህ? ሰሙ ማሽን፣ ወርቁ ደግሞ...»

ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ። ዘግይቷል። በእኛ አገር «ይበል» የሚባለው ቅኔው ለሰመረለት ሰው ነው፤ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ወርቁን መፈለግ ጀመረ። ፍለጋውም ሩቅ አልነበረም። ከላይ ወደ ታች፣ በግራ መንገድ፣ የራሱን ስም እየጠራ የሚኖር ማን እንደሆነ በዚያ ዘመን ያልተጠመቀ ሕፃንም ያውቃል።

ከፊት ወንበር ካኪ የለበሰ ሰውዬ ዞረ። ቢቸና ላይ ሲሳፈር ረዳቱ ሒሳብ አልጠየቀውም ነበር፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያኔ ገብቶኛል።

«አባ፣ ምኑ ነው ይበል ያሰኘዎት?»

«ኧረ ምንም፣ ጓድ። ስለ ማሽን ነው የሚያወራ።»

«ስለ ማሽን ይበል አይባልም።»

እኔ ገባሁበት። «ጓድ፣ ስለ እርሻ በሬ ነው የምንጫወተው። ግራ በሬ፣ ቀኝ በሬ አለ አይደል? ግራው ሲያስቸግር...» እያልኩ የልጁን እግር ረገጥኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ በሬ አይደለም!» አለ ይበልጣል እግሩን እየሳበ። «ሰዋስው ነው!»

ከዚያም ወደ ካኪ ለባሹ ዞሮ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ መምህር ረጋ ብሎ፣ ከላይ ወደ ታቹንም፣ ግራውንም፣ ቀኙንም እንደገና ከመጀመሪያው ተረከለት። ሰውዬው እስኪጨርስ ሰማው።

«የራሱን ስም እየጠራ የሚሞተው ማን ነው ያልከኝ?»

«አንባቢው።»

«አንባቢው» ብሎ ደገመና ፊቱን መለሰ።

ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ ጠፋ። ከሞጣ በፊት ተሳፋሪ ለማውረድ ስንቆም የልጁን ክንድ ያዝሁ። «እዚህ ውረድ፤ የቀረውን በእግርህ ሂድ። የተናገርከው ነገር ሁለት ትርጉም አለው።»

ከልቡ ገረመው። «አንድ ነው ያለው፣ ጋሼ። ሁለት ቢኖረውማ ማሽኑ ይነግረኝ ነበር።»

ሞጣ ኬላ ላይ ካኪ ለባሹ ቀድሞ ወርዶ ከጠባቂዎቹ ጋር ተነጋገረ። ቀጥሎ ይበልጣልን ጠሩት። መድኃኒቱን በጨርቅ እንደጠቀለለው አስያዘኝ። «ለእናቴ ነው። አስረድቻቸው መጣሁ።»

አልመጣም።

ሽማግሌው የዚያን ዕለት እስኪመሽ ከኬላው ንቅንቅ አላሉም። በማግሥቱ መድኃኒቱን ከእኔ ተቀብለው፣ አገሩን ጠይቀው ለእናቱ አደረሱ። ተመልሰው እኔ ባረፍሁበት ቤት አደሩና ኬላው ላይ ለታሰረው ልጅ አብረን ስንቅ ማመላለስ ጀመርን። ጨውና ሳሙናዬን ሰው ሸጠልኝ። ሽማግሌው መንገዱን ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ይህች ምላሴ! ይህች ምላሴ!» እኔም የበሬውን ነገር አስብ ነበር፤ ካልጠፋ ውሸት በሬ።

መጀመሪያ ሰሃኑ ባዶውን ይመለስልን ነበር። ባዶ ሰሃን ያን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንድ ጠዋት ጠባቂው ስንቁን አልቀበልም አለ።

«ተዛውሯል።»

«ወዴት?» አሉ ሽማግሌው።

«ተዛውሯል አልኩዎት'ኮ፣ አባ።»

በዚያ ዘመን ከእስር ቤት ወደ እስር ቤት የሄደውም ተዛወረ ይባላል፤ ከዚህ ዓለም የሄደውም ተዛወረ ይባላል። ሽማግሌው ወደ ጠባቂው ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ይህን ቃል በሰሙ ልያዘው ወይስ በወርቁ?»

ጠባቂው የአገራችን ልጅ ነበርና ጥያቄው ገባው። አቀረቀረ።

ሽማግሌው ለእናቱም ያንኑ ቃል፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ወሰዱላቸው። እናቱ ሰሙን ያዙ። ልጃቸው ሌላ ከተማ ተዛውሮ እንደሚሠራ ለጎረቤት ሲናገሩ ኖረው፣ ደርግ ከመውደቁ በፊት አረፉ።

ሽማግሌውን ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው፤ ለንግሥ። አንድ ተማሪ ግሩም ቅኔ ተቀኝቶ ሊቃውንቱ ሁሉ «ይበል!» ሲሉ፣ እሳቸው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ቆመው ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ እኔም ማርቆስ ድረስ ሄጄ ጠይቄአለሁ። ስሙን የሚያውቅ አላገኘሁም። ዛሬ ኮምፒዩተር በየሱቁ አለ፤ ያየሁ ቀን የልጁ ጣት መስኮቱ አቧራ ላይ ስትሄድ ትታየኛለች።

የመሥሪያ ቤት ሰው ስለ ደመወዝተኛ ዝውውር እንኳ ሲያወራ፣ «ተዛውሯል» የሚለውን ቃል ስሰማ ወሬው ያመልጠኛል። ይበልጣል ስለዚያ ወፍጮ የነገረኝ እውነት ነበር። ሁለት ፍቺ ያለው ነገር ሲገጥመው አይገምትም፤ ይቆማል። እኔም ልገምት ብዬ ስንቴ ጀመርሁ። አንዳንድ ቀን የሆነ አገር ሆኖ፣ ሸብቶ፣ መነጽሩን ሲጠርግ ይታየኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም አይታየኝም። እዚያው ኬላው ላይ፣ ስንቁን እንደያዝሁ ቆሜአለሁ።