ጥቁሩና ነጩ ማሽን

መርሳ ከተማ አስፋልቱ ዳር ያለችው የእኔ ክፍል ድሮ የሽንኩርት ማከማቻ ነበረች። ልጄ ከአረብ አገር የተመለሰች ጊዜ ጌም ቤት አደረገቻት። ሰው ወርቅ ይዛ መጣች ሲል ከሻንጣዋ የወጣው አንድ ጥቁር ማሽን ነው፤ ከቴሌቪዥን ጋር እየተገናኘ ወጣቱ እየከፈለ የሚጫወትበት። እኔ ይሄ ሥራ አይደለም ብዬ ተሟገትኩ።

«አባባ፣ ይቺ ቤት ከሠራችልኝ እዚሁ ነኝ። ካልሠራች ተመልሼ እሄዳለሁ» አለችኝና ባዶ ሻንጣዋን እዚያችው ክፍል ያለው ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው።

ሙግቴን ተውኩ። እዚያ አገር ሳለች ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ እንዴት እንደሚሆን እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤቷ ሠራች። ባጃጅ ነጂው፣ አናጢው፣ ከትምህርት የወጣው ሁሉ ይመጣል። እኔም በር ላይ ተቀምጬ ለተራ የሚጣላውን እገላግል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከአስፋልቱ ማዶ አንድ ጎረቤታችን ነጭ ማሽን አምጥቶ ከፈተ። የሌላ ኩባንያ ማሽን ነው። ይሄ ሰው የድሮ ወዳጄ ልጅ ነው። እኔና አባቱ በሬ እያቀናጀን አብረን ስናርስ ኖረናል፤ አላህ ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር።

መጀመሪያ ነገሬም አላልኩት። የኳሱ ጨዋታ በሁለቱም ማሽን ላይ አለ፤ በኳስ አንበላለጥም። ነገር የመጣው አንድ የመኪና እሽቅድምድም ወጣ የተባለ ጊዜ ነው። ለነጩ ብቻ ነበር የወጣው። ወጣቱ ሁሉ እንዳለ አስፋልቱን ተሻገረ፣ እኛ ዘንድ ወንበሩ ቀረ።

ልጄ አስረዳችኝ። ማሽኖቹን የሚሠሩት ኩባንያዎች ጨዋታ የሚሠራውን ሰው ይይዙና ለእኔ ብቻ ሥራ ይሉታል። የእነሱን ማሽን ያልገዛ አያየውም። ሰንብቶ፣ ሁሉ ከጠገበው በኋላ፣ አንዳንዱን ለሌላውም ይለቁታል። ትልልቁን ደግሞ በአንድ ሰሞን አያወጡም፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ጥቂት ያሳልፋል። ይሄስ ገባኝ። የእኛ የሀብሩ ወረዳ ሰው ማንጎ ሻጭ ነው። ቀድሞ የደረሰለት እንዳሻው ይሸጣል፤ የሁሉም የደረሰ ለት ማንጎው ለፍየል ነው።

«ታዲያ የኛስ መቼ ይደርሳል?» አልኳት።

«ለጥቁሩ የሚወጣ አለ፣ አውሬ የሚታደንበት። ግን ገና ነው ይላሉ።»

ማዶኛው በሩ ላይ ቆሞ ይጣራል፦ «አባባ! ባዶ ቤት ይጠብቃሉ? ይሻገሩ እንጂ፣ ለአንቱ ወንበር አይጠፋም!»

«አባትህ ሽማግሌ አይጣራም ነበር፣ ተነስቶ ይመጣ ነበር!» እለዋለሁ። ይስቃል። የልጅ ነገር።

አንድ ጠዋት ስገባ ልጄ ሻንጣዋን አውርዳ አቧራውን ትጠርጋለች። ጋቢዬን ደርቤ በሚኒባስ ወልድያ ወጣሁ። ጨዋታውን እኔው ገዝቼ ልመጣ ነው፤ ዕውቀቴ ያ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ የማሽን ነገር ማንም አላስተማረኝ። ካሴት እንደሆነ በማንኛውም ቴፕ ይዘፍናል።

«የመኪናውን ሲዲ ስጠኝ፣ ከሁሉም አዲሱን» አልኩት ሻጩን።

«አባቴ፣ ማሽናችሁ የቱ ነው?»

«ማሽን አለን አልኩህ። አንተ ሲዲውን ስጥ።»

«ይሄ እኮ የነጩ ነው።»

«የቀለም ጣጣ አታምጣብኝ!»

ሰጠኝ። ልጄ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው፣ ማሽኑ መልሶ ተፋው። እንደገና ከተተችው፣ እንደገና ተፋው። ቴሌቪዥኑ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፣ እኔ አላነበብኩትም። ልጄ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ሻንጣውን አየችው።

ወሬ ግን መርሳ ላይ አያድርም። አንዱ ባጃጅ ነጂ ሲዲውን አይቶ ኖሮ ማዶ ሄዶ ተናገረ። ለካ ያ የያዝኩት ገና አሁን የወጣው ኖሯል፤ ማዶኛው አሮጌውን ነበር የሚያጫውት። ደንበኞቹ አዲሱን አምጣ ብለው ያዙት። አስፋልቱን ተሻግሮ መጣ።

«አባባ፣ ይሄ ሲዲ ለአንቱ ምን ይሠራል? ይሽጡልኝ።»

«አልሸጥም።»

«ወላሂ የገዙበትን በእጥፍ።»

«አልሸጥም አልኩህ። አንተ ማሽን አለህ፣ አዲሱ ጨዋታ የለህም። እኔ ጨዋታው አለኝ፣ እሱን የሚያጫውት ማሽን የለኝም። አባትህና እኔ አንዳንድ በሬ ሲኖረን ምን እናደርግ ነበር?»

ባለ አንድ በሬ ለብቻው አያርስም። በሬውን ካንዱ ጋር ያቀናጃል፤ አንድ ሰሞን ጥንዱ የእኔን ማሳ ያርሳል፣ አንድ ሰሞን የእሱን። መቀናጆ ይባላል።

«ማሽን እኮ በሬ አይደለም» አለችኝ ልጄ።

«ሳርም አይበላ! የተሻለ ነው።»

ማዶኛው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ሄዶ ነጩን በክንዱ ታቅፎ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ማሽን አንድ ሳምንት እኛ ዘንድ ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ሌላውን ሳምንት ማዶ። ማሽኑ ያለበት ቤት ይሞላል። ባዶው ቤት ይዘጋል፤ ማዶኛው ሽንኩርቱን ያጠጣል፣ ልጄ ትተኛለች ወይ ዘመድ ትጠይቃለች። ተራ ለማፍረስ የሞከርንበት ጊዜም አለ፣ እሱም እኔም። ተጨቃጭቀን ተመልሰናል።

አሁን የአውሬው ጨዋታ ሊወጣ ነው፣ ለጥቁሩ ብቻ። ማዶኛው ከእኛ ብሶ በየጠዋቱ «አልወጣም ወይ?» እያለ ልጄን ያደርቃታል፣ ጥቁሩ የሱ በሬ ይመስል።

ሻንጣው ቁም ሣጥኑ ላይ አልተመለሰም፤ ጌም ቤቱ ጥግ ተቀምጧል። የተሰበረ ጆይስቲክና የተበጠሰ ገመድ ሞልታበታለች። ዚፑም አይዘጋ።